እጅ የሚያውቀውን ለዓይን መስጠት

ዝናቡ ድንገት ነው የጣለው። መሽቷል፤ መንገዱ መብራት የለውም፤ ከጎኔ ታናሽ እህቴ ተቀምጣለች። ትንሽ እንደሄድን የፊት መስታወቱ ከውስጥ በኩል ጉም መልበስ ጀመረ። ይህ ለማንም አሽከርካሪ አዲስ ነገር አይደለም። አየሩን ወደ መስታወቱ ማዞር፣ ትንሽ ሙቀት መጨመር፣ በቃ። በአሮጌዋ መኪናዬ ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረግሁት ቆጥሬ አላውቅም።

ያን ዕለት የምነዳት ግን በእጄ ከገባች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። እጄን ድሮ ወደሚያውቀው ቦታ ሰደድኩት። ያገኘሁት ልሙጥ የስክሪን መስታወት ነው። መንገዱን አየሁና ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ካርታ ነው ያለው። ከታች የማራገቢያ ምልክት አለ፤ ነካሁት። አዲስ ገጽ መጣ። የወንበር ሥዕል፣ የሰው ሥዕል፣ ቀስቶች፣ ቁጥሮች። እንደገና መንገዱን አየሁ። የምፈልገውን ምልክት አግኝቼ ጣቴን ስዘረጋ መኪናዋ ጉድጓድ ረገጠች፤ ጣቴ የወንበር ማሞቂያው ላይ አረፈ። እሱን ላጥፋ ብዬ እንደገና ወደ ስክሪኑ አጎነበስኩ።

«ሰው! ሰው!» አለች እህቴ።

ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩት። ሳይክሉን እየገፋ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ የሚሄድ ሰው ነበር። ዞር ብሎ አየንና ጉዞውን ቀጠለ። እኛ ግን ለረጅም ጊዜ ከዚያ አልተንቀሳቀስንም። እግሬ ፍሬኑ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

«ምን እያየሽ ነበር?» አለችኝ።

«መስታወቱን ላጠራ ነበር» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ከበደኝ። መንገዱ እንዲታየኝ ብዬ ነው መንገዱን ማየት ያቆምኩት።

ለብዙ ቀን ጥፋቱን ሁሉ ለራሴ ሰጠሁት። ዳር ይዤ መቆም ነበረብኝ። ይህን ዛሬም አልክደውም። ግን አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። እኔ ያችው ሰው ነኝ። ዝናቡም ያው ዝናብ ነው። በአሮጌዋ መኪና ይህን ነገር ለዓመታት ሳደርግ ዓይኔን ከመንገድ ማንሳት አስፈልጎኝ አያውቅም። ታዲያ ምንድነው የተለወጠው?

መንዳት ያስተማረኝ አባቴ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሞተር አላስነሳንም። የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከተተና «ዓይንሽን ጨፍኚ» አለኝ። እሱ ይጠራል፤ እኔ በእጄ ፈልጌ አገኛለሁ። «ፍሬቻ!» «መብራት!» «ዝናብ መጥረጊያ!» «ክላክስ!» «ማራገቢያ!» ስስት እንደገና ያስጀምረኛል። ሦስት ቀን ሙሉ የቆመ መኪና ውስጥ እንዲህ ተቀመጥን። ሲሰለቸኝ አይቶ «ዓይንሽን ለመንገዱ ተይለት፤ ሌላውን እጅሽ ይሥራው» ይለኝ ነበር። ያኔ ወደ እውነተኛው ትምህርት እስክንገባ የሚያቆየኝ መስሎኝ ነበር።

አሁን ነው የገባኝ። ዓይን አንድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ቢሆኑም አብረው ነው የሚዞሩት። እጅ ግን ለብቻው መሥራት ይችላል። ጆሮም እንደዚያው። አባቴ ያስተማረኝ መኪና ሥራውን እንደዚህ ነበር ያከፋፈለው። አዲሷ መኪና የእጅን ሥራ ወስዳ ለዓይን ደረበችበት።

ይህ የኔ ስሜት ብቻ እንዳይሆን ብዬ የተጠናውን ማንበብ ጀመርኩ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይሄዳል። ሁለት ሰከንድ ስክሪን ማየት ማለት 55 ሜትር ያህል ሳያዩ መንዳት ነው። አሜሪካ ውስጥ የቨርጂኒያ ቴክ ተመራማሪዎች 100 መኪኖች ላይ ካሜራ ገጥመው ሰዎች በዕለት ኑሯቸው ሲነዱ ተከታትለው ነበር። ውጤቱ በ2006 ወጣ። ዓይን ከመንገድ ላይ ከሁለት ሰከንድ በላይ ሲነሳ የመጋጨት ወይም ለጥቂት የመትረፍ ዕድሉ ቢያንስ በእጥፍ ያድጋል ይላል። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤትም በ2013 ለመኪና አምራቾች መመሪያ አወጣ። አንድ እይታ ከሁለት ሰከንድ አይብለጥ፤ ሥራው ተጠናቆ እስኪያልቅ ዓይን ከመንገድ የሚነሳበት ጊዜ ተደምሮ ከ12 ሰከንድ አይብለጥ። ጥሩ መመሪያ ነው። ግን ምክር ነው እንጂ ግዴታ አይደለም።

ያን ምሽት ስንት ሰከንድ እንዳጠፋሁ አላውቅም። በኋላ መኪናዋን አቁሜ ስቆጥር ግን፣ ሳልሳሳት ብሄድ እንኳ አራት ጊዜ መንካት ነበረብኝ። አራቱም ንክኪ ዓይን ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ቁልፍም መንካት ነው፣ ስክሪንም መንካት ነው፣ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?» ይላል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቁልፍ ጠርዝ አለው። ጣት ሲዳስሰው ምንም አይሆንም፤ የሚሠራው ሲጫኑት ወይም ሲያዞሩት ነው። ስለዚህ እጅ መጀመሪያ ይፈልጋል፣ ከዚያ ያረጋግጣል፣ ከዚያ ያዛል። ተች ስክሪን ላይ መፈለግና ማዘዝ አንድ ናቸው። ለመዳሰስ ብትሞክሩ አዘዛችሁ ማለት ነው። ቁልፍ ቀጭ ሲል «ሰምቻለሁ» ይላችኋል፤ ስክሪኑ ግን መስማቱን ለማወቅ እንደገና ማየት ይጠይቃል። ደግሞ ቁልፍ ቦታ አይቀይርም። ስክሪን ላይ ግን ያው ቦታ አሁን ሙዚቃ ነው፣ ቆይቶ ስልክ ነው፣ ከሶፍትዌር እድሳት በኋላ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። እጅ እንዲህ ያለውን ነገር ሊለምድ አይችልም። የሚለምደው የሚረጋ ነገር ነው።

መንቀጥቀጡም አለ። የሚዞር ቁልፍ ስትይዙ እጃችሁ እዚያው ይደገፋል። ስክሪን ላይ ክንዳችሁ አየር ላይ ተዘርግቶ ነው ትንሽ ምስል የምታነጣጥሩት፤ መንገዱ ደግሞ ሁሌም ለስላሳ አይደለም። የወንበር ማሞቂያውን ያበራሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁሉ ንባብ ልቤን የነካው የድሮ ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የሚባለውን ቦምብ ጣይ የሚያበሩ አሜሪካውያን አብራሪዎች በሰላም ካረፉ በኋላ በስህተት ጎማውን ወደ ውስጥ ያጥፉት ነበር። አውሮፕላኑ በሆዱ ይቀመጣል። ሁሉም «የአብራሪ ስህተት» ይባል ነበር። በ1943 አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነገሩን እንዲያይ ተጠየቀ። ያየው ነገር ቀላል ነበር። የጎማው ማንሻና የፍላፑ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ ዝቅ የሚደረገው ክፍል) ማዘዣ ጎን ለጎን ናቸው፤ ቅርጻቸውም አንድ ነው። የደከመ ሰው እጁን ሲሰድ አንዱን ከሌላው አይለይም። መፍትሔውም እንደዚያው ቀላል ሆነ። በጎማው ማንሻ ላይ ትንሽ የጎማ ቅርጽ፣ በፍላፑ ላይ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ነገር ተደረገ። ከዚያ በኋላ እጅ በጨለማም አወቃቸው። ዛሬም በመንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ የጎማው ማንሻ ጫፍ የጎማ ቅርጽ እንዲኖረው ደንብ ያስገድዳል።

ይህን ሳነብ አለቀስኩ ማለት እችላለሁ። እነዚያ አብራሪዎች ስንት ቀን ራሳቸውን ሲወቅሱ እንደከረሙ አስቡት። ጥፋቱ ግን ከመብረራቸው በፊት ፋብሪካ ውስጥ የተቀመጠ ነበር።

አሁን ወደ መኪና ልመለስ። በ2022 ቪ ቢልኤጋሬ የተባለ የስዊድን የመኪና መጽሔት አንድ ሙከራ አደረገ። 11 አዳዲስ መኪኖችንና አንድ የ2005 ቮልቮ ቪ 70 ወደ አሮጌ አውሮፕላን ማረፊያ ወሰደ። አሽከርካሪዎቹ መጀመሪያ መኪኖቹን እንዲለምዱ ጊዜ ተሰጣቸው። ከዚያ በ110 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዱ አራት ሥራዎችን እንዲሠሩ ተደረገ፦ የወንበር ማሞቂያና የመስታወት ጉም ማጥፊያ ማብራት፣ ሬዲዮ ላይ አንድ ጣቢያ ማግኘት፣ የጉዞ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መመለስ፣ የመሣሪያዎቹን ብርሃን መቀነስ። ቁልፍ የሞላበት ያ የ17 ዓመት ቮልቮ ሁሉንም በ10 ሰከንድ፣ በ306 ሜትር ውስጥ ጨረሰ። ከሁሉ የባሰው፣ ኤምጂ ማርቭል አር፣ 44.9 ሰከንድ ፈጀ። በዚያ ጊዜ ውስጥ 1,372 ሜትር ሄዷል። ከአንድ ኪሎ ሜትር ከሩብ በላይ ማለት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ከአዲሶቹም ከ14 ሰከንድ በታች የጨረሱ ሁለት ነበሩ። ስክሪን ሁሉ እኩል አይደለም። አስቦ የሠራ ሰው አስቦ ሠርቷል። እኔን ያሳዘነኝም ይኸው ነው፤ የተሻለ መሥራት እየተቻለ ነው ያልተሠራው።

የእንግሊዙ የትራንስፖርት ምርምር ላቦራቶሪ በ2020 ያወጣው ደግሞ ያስፈራል። በመንዳት ማስመሰያ ላይ አፕል ካርፕሌይን (የአይፎንን አገልግሎቶች በመኪናው ስክሪን ላይ የሚያሳይ ሥርዓት) በጣት እየነኩ የነዱ ሰዎች ለድንገተኛ ነገር ምላሽ የሚሰጡበት ፍጥነት 57 በመቶ ዘገየ። ለአንድሮይድ ስልኮች ያለው አቻው፣ አንድሮይድ አውቶ፣ 53 በመቶ። በቀደሙት የላቦራቶሪው ጥናቶች እየነዱ በስልክ መልእክት መጻፍ 35 በመቶ ነበር ያዘገየው፤ በሕግ እስከሚፈቀደው ጣሪያ መጠጣት 12 በመቶ። ጠጥቶ መንዳትን የምንጠየፍ ሰዎች ነን። ስልክ ይዞ የሚነዳ ሰው ስናይም እንቆጣለን። በዳሽቦርዱ መሐል የተተከለውን ግን ከመኪናው ጋር አብሮ ስለመጣ ብቻ ደህና ነው ብለን ተቀበልነው።

ይህን ሁሉ ለአንድ ወዳጄ ስነግረው «ትለምጂዋለሽ» አለኝ። እውነት ነው፣ በተወሰነ ደረጃ ይለመዳል። አሁን ገጾቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ጣቴ የት መድረስ እንዳለበት አውቃለሁ። ግን መድረሱን ሳላይ ማወቅ አልችልም። መልመድ የፍለጋውን ጊዜ አሳጠረልኝ እንጂ ማየቱን አላስቀረልኝም።

«በድምፅ እዘዢው» የሚልም አለ። እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ከስክሪኑ ይሻላል። ግን የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር ፋውንዴሽን በ2015 ባወጡት ጥናት፣ በድምፅ ካዘዙ በኋላ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ወደ መንገዱ እስኪመለስ በአንዳንድ መኪኖች እስከ 27 ሰከንድ ሊወስድ እንደሚችል አሳይተዋል። ዓይን መንገድ ላይ ሆኖ ልብ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ከሰው ጋር ስናወራ ሁላችንም ደርሶብናል።

ታዲያ ስክሪኑ እንዴት ይህን ያህል ገባ? አዲስ ሐሳብ እንኳ አይደለም። ቡዊክ በ1986 ሪቪየራ በተባለው መኪናው ላይ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ያለ ንክኪ ስክሪን ገጥሞ ነበር። ሬዲዮውም ማቀዝቀዣውም እዚያ ውስጥ ነበሩ። በ1990 ሞዴል ላይ አነሱት። ከዚያ ስልኮቻችን ተለወጡ፣ ዓይናችንም ለመደ። በ2012 ቴስላ ሞዴል ኤስን ባለ 17 ኢንች ስክሪን አድርጎ ሲያወጣ ሌሎቹ ተከተሉ። አሜሪካ ደግሞ ከግንቦት 2018 ጀምሮ እያንዳንዱ አዲስ መኪና የኋላ ካሜራ እንዲኖረው አስገደደች። ካሜራ ካለ ስክሪን የግድ ነው። ይህን ሕግ እደግፋለሁ። ከመኪና ኋላ የሚጫወት ሕፃን ለማንም መስታወት አይታይም፤ ያ ካሜራ ሕይወት ያድናል። ግን ስክሪኑ አንዴ ከገባ በኋላ ሌላውን ሁሉ እዚያው ማጎር ረከሰ። ለእያንዳንዱ ቁልፍ ቅርጽ ማውጫ፣ ሽቦ፣ ሙከራ፣ መገጣጠሚያ ያስፈልጋል። ሶፍትዌር አንዴ ተጽፎ ለሁሉም ሞዴል ይሆናል፤ ሳያልቅም ሊሸጥና በኋላ ሊታደስ ይችላል። ወጪው ከፋብሪካው ላይ ወርዶ ወደ አሽከርካሪው ዓይን ዞረ ብዬ ነው የማስበው።

ሲጠየቅ ደግሞ የሚጠየቀው አሽከርካሪው ነው። ጀርመን ውስጥ አንድ የቴስላ ነጂ በዝናብ ላይ የመጥረጊያውን ፍጥነት በስክሪኑ ሲያስተካክል ከመንገድ ወጥቶ ምልክትና ዛፎች ገጨ። የካርልስሩኸ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2020 ቅጣቱን አጸና፤ 200 ዩሮና የአንድ ወር የመንዳት እገዳ። ፍርድ ቤቱ ስክሪኑ ለምንም ዓላማ ይዋል፣ ዓይንን ከመንገድ እስካነሳ ድረስ በሕጉ መሠረት እንደ ማንኛውም ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ነው አለ። ፍርዱን እረዳዋለሁ። መንገድ ላይ ያለ ሌላ ሰው ሊጠበቅ ይገባል። ግን በዝናብ ውስጥ የዝናብ መጥረጊያ መንካት እንደ ጥፋት የሚያስቀጣ ከሆነ መጥረጊያውን እዚያ ያስቀመጠውስ? እሱን ማንም አልጠራውም።

ከባሕር የመጣው መልስ የተሻለ ይመስለኛል። በነሐሴ 2017 ጆን ኤስ. ማኬይን የተባለ የአሜሪካ የጦር መርከብ በሲንጋፖር አቅራቢያ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭቶ 10 መርከበኞች ሞቱ። መርከቡ የሚነዳው በተች ስክሪን ነበር። መርከበኞቹ መቆጣጠሪያውን ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ነገሩ ተምታታባቸው፤ መሪው የጠፋባቸው መሰላቸው። የሥልጠና ጉድለትም ነበረ፤ አልተደበቀም። ሆኖም የባሕር ኃይሉ መርከበኞቹን ወቅሶ ብቻ አልቆመም። በ2019 የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ከስክሪን አውጥቶ በእጅ ወደሚያዝ ማንሻ ለመመለስ ወሰነ።

መኪኖችም ቀስ እያሉ እየተመለሱ ነው። ዩሮ ኤንካፕ፣ በአውሮፓ ለመኪኖች የደህንነት ኮከብ የሚሰጠው ድርጅት፣ ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻ፣ የአደጋ ማስጠንቀቂያ መብራት፣ ክላክስ፣ ዝናብ መጥረጊያና የአስቸኳይ ጥሪ የራሳቸው ቁልፍ ለሌላቸው መኪኖች ሙሉ ነጥብ እንደማይሰጥ አሳውቋል። ሕግ አይደለም፣ ግን አምራቾች አምስት ኮከብ ይወዳሉ። ከአምስቱ ውስጥ የኔ የጉም ማጥፊያ የለም። የፎልክስዋገን የዲዛይን ኃላፊ አንድሬያስ ሚንት በ2025 ድምፅ፣ የሁለቱም ጎን ሙቀት፣ ማራገቢያና የአደጋ መብራት በሚቀጥሉት መኪኖቻቸው ላይ ወደ ቁልፍ እንደሚመለሱ ሲናገር መኪና ስልክ አይደለም ብሏል። ማራገቢያ የሚለውን ሳነብ ደስ አለኝ። ማዝዳ ግን በተቃራኒው ሄደ። በ2019 ነጂው ዓይኑን እንዳያነሳ ብሎ ንክኪውን አስወግዶ በሚዞር ቁልፍ ተክቶ ነበር፤ በ2025 ባሳየው አዲሱ ሲኤክስ-5 ላይ ወደ ትልቅ ተች ስክሪን ተመለሰ። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ እስካሁን ይከነክነኛል።

እኔ መኪናዋን አልሸጥኳትም። ከመነሳቴ በፊት ሙቀቱን፣ ካርታውን፣ ሬዲዮውን ቆሜ አስተካክላለሁ። እህቴ ካለች ስክሪኑ የእሷ ነው። ብቻዬን ከሆንኩና ዝናብ ከመጣ ዳር እይዛለሁ። አንዳንዴም ቆሜ ሳለሁ እንደ ድሮው ዓይኔን ጨፍኜ እሞክራለሁ። ፍሬቻን፣ መብራትን፣ ክላክስን አገኛቸዋለሁ። ከዚያ እጄ መስታወቱ ላይ ይደርስና ይቆማል።

ባለፈው አባቴ ሊጠይቀኝ መጥቶ «እስቲ ልንዳት» አለ። ሰጠሁት። ለስለስ አድርጎ ነዳት፤ እንደ ድሮው መሪውን በሁለት እጁ ይዞ። ጥቂት እንደሄድን ሞቀው መሰለኝ፣ ቀኝ እጁን ወደ ዳሽቦርዱ ሰደደ። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር። ጣቶቹ መስታወቱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱ። ከሬዲዮው ድምፅ ወጣ። እጁን ሰብስቦ መሪው ላይ መለሰና ፍሬቻ አሳየ፤ ዳር ይዞ ቆመ። የእጅ ፍሬኑን ፈልጎ አጣው፤ እኔ አሳየሁት፣ እሱም ትንሽ ቁልፍ ሆኗል። ከዚያ መነጽሩን ከኪሱ አወጣና አደረገ።

«አሁን አሳዪኝ» አለ። «የቱ ጋ ነው ነፋሱ?»